ዋርድያዎቹ በዝተዋል

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ታክሲ ውስጥ አቀማመጥ ጠፍቶኛል። እግሬን ገጠም፣ ጭኔን ደልደል አድርጌ እቀመጥና እጄ ሳጥኑን ይፈልጋል። ሳጥኑ የለም። ረዳቱ «እማማ፣ ጠጋ ይበሉ እንጂ! ለማን ነው ቦታ የያዙት?» ሲለኝ ነው የምነቃው። በቀደም ልጄ አብራኝ ተሳፍራ «እማዬ፣ ከሰበታ እስከ አየር ጤና አየር ታቅፈሽ እኮ ነው የመጣሽው» ብላ ሳቀችብኝ። እኔም ሳቅሁ። እውነቷን ነው።

በዚያ ሳጥን ውስጥ የነበረው የሰው ደም ነው። አፋቸው ውስጥ ካንሰር የወጣባቸው ሰዎች ደም። የልጅ ልጆቼ ሰው «አያታችሁ ምን ትሠራ ነበር?» ሲላቸው «ሳጥን ትሸከም ነበር» ይላሉ። ሳጥን መሸከም ነውር የለውም። ግን ምን እንደነበረበት ቢያውቁ ደስ ይለኛል፤ ይህን የምጽፈውም ለዚያ ነው። ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። ፊደል ያስቆጠሩኝ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ሱሉልታ፣ ከከብት በረት አጠገብ በቆመች ዳስ ውስጥ ነው፤ «ሀ» ስንል ጥጃዋም አብራን ትል ነበር። ስለዚህ ወሬዬ ወዲያ ወዲህ ቢል ታገሱኝ። መንገድ ስሄድም እንደዚያው ነኝ፤ ሰላም ሳልለው የማልፈው በር የለም።

ሥራ የጀመርኩት እዚያው ሱሉልታ ነው፣ ጤና ጣቢያ፣ በጽዳት። የሱሉልታን ብርድ የማያውቅ ሰው ምን ብዬ ልንገረው? ጠዋት ባልዲ ውስጥ እጄን ስነክር ጣቶቼ የኔ መሆናቸው ይጠፋኝ ነበር። አለቃዬ ቁልፍ የሚወዱ ሰው ነበሩ፤ መጥረጊያ እንኳ ይቆለፍበታል። ደመወዙን አላነሳም፤ የሚነሳም አልነበረም። ባሌ ነፍሱን ይማረውና ቡራዩ የድንጋይ ካባ ሥራ ሲያገኝ እኔም ወደ ቡራዩ ተዛወርኩ። ያኔ ከአንዱ ወደ ሌላው መሄድ አገር መቀየር ነበር። አሁን ሱሉልታን፣ ቡራዩን፣ ኋላ የሠራሁበትን ሰበታንም አንድ ላይ ሸገር ብለዋቸዋል፤ ብርዱ ግን አሁንም የሱሉልታ ነው።

ሲስተር አስካለን ያገኘኋት ቡራዩ ነው። ኮሪደር ስወለውል እርጥቡን ላለመርገጥ ጥግ ጥጉን እየተራመደች መጣች። ይህን ብቻ አይቼ ወደድኳት።

«አንቺ፣ ኦሮምኛ ትሰሚያለሽ?» አለችኝ።

«አፌን የፈታሁበት ነው።»

«መንገድ ትችያለሽ?»

«ከመንገድ ሌላ ምን እችላለሁ?»

«ወሬስ?»

ጎንበስ ብዬ መወልወሌን ቀጠልኩ። ወሬኛ ነሽ ልትለኝ መስሎኝ ነበር። «ወሬ ካልቻልሽማ አትጠቅሚኝም» አለችና ልትሄድ ስትል፣ «ኧረ እችላለሁ! እሱንማ ጎረቤት ይመስክር» አልኩ። በዚያው መጥረጊያውን ትቼ ሳጥን ያዝኩ።

ሥራው ይህ ነበር። አዲስ አበባ ያሉ ሐኪሞች የአፍ ካንሰር የያዛቸውን ሰዎች ደም ያጠናሉ። በደማችን ውስጥ በሽታ የሚከላከሉ ሕያው ነገሮች አሉ፤ ሴል ይሏቸዋል። በታመሙት ሰዎች ደም ውስጥ የትኞቹ እንደሚበዙ፣ የትኞቹ እንደሚያንሱ፣ የትኞቹ እንደሚደክሙ ማወቅ ይፈልጋሉ። ሲስተር ትቀዳለች። እኔ ቤቱን አገኛለሁ፣ ሰውየውን አጫውታለሁ፣ ባልቴቶቹን በኦሮምኛ አስረዳለሁ፣ ከዚያ ደሙን ታቅፌ አዲስ አበባ አደርሳለሁ። ጥናት እንጂ ሕክምና አይደለም። ይህን ለሁሉም እንናገር ነበር። መናገርና መሰማት ግን ሁለት ነገር ነው፤ እሱን ኋላ እመጣበታለሁ።

ሲስተር አስካለ በዕድሜ እኩያዬ ነበረች፤ በሙያ ግን እናቴ ናት። ጓንት ከማጥለቋ በፊት ሁለት እጆቿን ብብቷ ውስጥ ከታ ታሞቃለች። በታመመ ሰው ላይ ቀዝቃዛ እጅ ማሳረፍ እንደ ስድብ ነው የምታየው። ከታማሚው ከፍ ብላ አትቀመጥም፤ እሱ መደብ ላይ ከሆነ እሷ ዱካ ላይ፣ እሱ ዱካ ላይ ከሆነ እሷ መሬት። «አያምም» አትልም። «ያማል፣ ግን አጭር ነው» ትላለች። ልጅም ሽማግሌም ይህን ሲሰማ እጁን ይሰጣል። ደግሞ አንድ ልማድ ነበራት፤ ስልክ ስታናግር የሰማችውን ሁሉ ጮክ ብላ ትደግመዋለች። «ነገ ጠዋት? እሺ ነገ ጠዋት። ሁለት ሰው? እሺ ሁለት ሰው።» በወጣትነቷ መድኃኒት በስልክ አዘዋት በስህተት ሰምታ ልትሰጥ ስትል በአምላክ ቸርነት ተርፋለች አሉ። ከዚያ ወዲህ ያልደገመችውን አታምንም። እኔ እስቅባት ነበር፤ «ሲስተር፣ ባልሽ እወድሻለሁ ቢል ለሰፈሩ ነው የምታሰሚው።»

ደሙን ከቀዳች በኋላ ብልቃጡን አትነቀንቀውም። «ሕያው ነው፤ ታዞሪዋለሽ» ትለኝ ነበር። ቀስ አድርጋ ትዘቀዝቀዋለች፣ ቀስ አድርጋ ታቀናዋለች፣ ደሙ እንዳይረጋ የተቀባው መድኃኒት በሚገባ እስኪዋሃደው። እኔም ተማርኩ። እስካሁን የዘይት ጠርሙስ ሳነሳ እጄ እንደዚያ ያደርጋል።

ሳጥናችን የክትባት ሳጥን ይመስላል። ስለዚህ በሄድንበት ጤና ጣቢያ ሁሉ ደግ ሰው በረዶ ይዞ ይሮጥልናል። የኛዎቹ ሴሎች ግን ብርድ አይወዱም፤ በረዶ ላይ ካስቀመጥናቸው አዲስ አበባ ሲደርሱ ለጥናት አይሆኑም። ሱሉልታ ስንሄድ ጋቢዬን ለሳጥኑ አልብሼ እኔ በሹራብ እንቀጠቀጣለሁ። አንዴ ረዳቱ ይህን አይቶ «ሳጥኑ ጉንፋን ይዞታል እንዴ?» አለ። ታክሲው በሙሉ ሳቀ። ከኋላ አንዷ «ሳንቡሳ ነው፣ እንዳይበርድ ነው» አለች። «ሳንቡሳ ከሆነ እኛም እንቅመስ!» እንግዲህ ምን ብዬ ልመልስ? «አደራ ነው» አልኩ። አደራ ሲባል የሚቀልድ የለም።

ዶክተሩ፣ የጥናቱ ኃላፊ፣ አንድ ቀን «ነይ እትዬ ዘርፌ፣ ያመጣሽውን እይ» ብለው ላብራቶሪ አስገቡኝ። አንዲት ልጅ በብልቃጥ ውስጥ ካለ እንደ ውኃ የጠራ ፈሳሽ ላይ ደሙን በጠርዙ በኩል ታንጠባጥባለች፤ እስትንፋሷን ይዛ፣ እንዳይቀላቀል። ከዚያ የሚያሽከረክር ማሽን ውስጥ ከተቱት። ሲወጣ ቀዩ ታች ወርዷል፣ ቢጫው ላይ ቀርቷል፣ መሐል ላይ ስስ፣ ነጭ፣ እንደ ጭጋግ የሆነች ቀለበት ተዘርግታለች። እኔ የሱሉልታ ልጅ ነኝ፣ ወተት ውስጥ ነው ያደግሁት።

«ይሄማ ስልባቦት ነው!» አልኩ።

ዶክተሩ ሳቁ። «የምንፈልጋቸው እነዚያ ናቸው። ስልባቦቷ።»

ያን ሁሉ መንገድ ጋቢ ያለበስኩት ለዚያች ቀለበት መሆኑን ሳይ አንጀቴን በላችኝ። በጣም ትንሽ ናት።

አሁን ወደ ቃሉ ልምጣ። ሲስተር መጀመሪያ ለሰው ስታስረዳ «በደምዎ ውስጥ ወታደሮች አሉ፤ እነሱን ነው የምንቆጥረው» ትል ነበር። ቡራዩ ሱቅ ያላቸው ወይዘሮ ፋጡማ ነበሩ፤ ጉንጫቸው ውስጥ ቁስል የወጣባቸው። ይህን ሲሰሙ ሚዛኑን ለቀው ተነሡ።

«ወታደር? በኔ ደም ውስጥ? ማን አስገባው?»

«አይ ወይዘሮ ፋጡማ፣ ምሳሌ ነው...»

«ወላሂ እኔ ፖለቲካ ውስጥ የለሁበትም! ስኳር ነው የምሸጠው!»

እኔ ሳቄን መያዝ አቅቶኝ ፊቴን ወደ ጤፉ ጆንያ አዞርኩ። ሲስተር በትዕግሥት ደግማ አስረዳቻቸው፣ በሽታ ሲገባ የሚያዩ፣ የሚጠብቁ እንደሆኑ። ወይዘሮዋ ሰሙና ተቀመጡ። «ታዲያ ዋርድያ አትሉትም? እኔም ሱቄ በር ላይ አንድ አለኝ። ሁሌ እንደተኛ ነው፤ ግን ስሙ ዋርድያ ነው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ዋርድያ ሆኑ። ምን ዓይነት ደግ ቃል! በአማርኛ ብትለው፣ በኦሮምኛ ብትለው አንድ ነው። ማንም አልደነገጠም። ወይዘሮ ፋጡማም ጉንጫቸውን በጊዜ ታክመው ዛሬም ስኳር ይሸጣሉ።

ቃሉ ያጠፋን ከሰበታ አለፍ ብሎ፣ ተፍኪ ላይ ነው።

ኦቦ ቶሎሳ የተፍኪ የከብት ደላላ ነበሩ። ገበያው መሐል ቆመው ዋጋ ሲቆረጥ ሻጭና ገዢን እጅ ለእጅ እያማቱ፣ በአማርኛ ጀምረው በኦሮምኛ እየጨረሱ፣ የከሳ በሬ አወፍረው የሚሸጡ ሰው። ሰው ከብት ሳይፈልግ እሳቸውን ለመስማት ይመጣ ነበር። ምላሳቸው ጎን ላይ ቁስል ወጣ፣ አልድን አለ፤ ሐኪም ቤት ሄደው ካንሰር ነው ተባሉ። ገና በጊዜ ነው፣ ከምላስዎ ቁራጭ ይወጣል፣ ይድናሉ ብለው ቀጠሮ ሰጧቸው።

የመጀመሪያ ቀን ስንሄድ «አካም ጅርቱ፣ ግቡ ግቡ» ብለው ተቀበሉንና ሚስታቸውን፣ አዴ ጫልቱን፣ ጠርተው አስቀመጡን። እጃቸውን ለሲስተር እየሰጡ «ሲስተር፣ ደሙን የፈለግሽውን ያህል ውሰጂ» አሉ። «ደም ይተካል። ምላሴን ከቆረጡማ ከኔ ምን ቀረ? ሱሪዬ?»

ጫልቱ «በሱሪህም ቢሆን እኔ አልጠላህም» አለች ከጓዳ። ሳቅን።

ለሁለተኛ ጊዜ ደም ልንቀዳ ስንመለስ ነው ነገሩ የሆነው። ሲስተር ላስቲኩን ክንዳቸው ላይ አስራ ሥሩን እየፈለገች ስልክ ተደወለ። ዶክተሩ ናቸው፤ ስለ መጀመሪያው ደም። ዋርድያ ማለትን ከኛ ለምደውታል። እኔ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ያዝኩላት። እሷም እንደ ልማዷ ጮክ አለች፤ «የኦቦ ቶሎሳ? እሺ። ዋርድያዎቹ በዝተዋል? እሺ፣ ዋርድያዎቹ በጣም በዝተዋል።»

ኦቦ ቶሎሳ በነጻው እጃቸው ጭናቸውን መቱ። ፊታቸው እንደ ሙሽራ በራ። «ሰማሽ ጫልቱ? በዝተዋል!»

«ኦቦ ቶሎሳ፣ ይሄ ስለ መዳን አይደለም» አለች ሲስተር መርፌውን እያስገባች። «ቀጠሮዎን ግን እንዳያስቀሩ። ሐኪም ቤቱ አይቅር።»

«ቶሌ፣ ቶሌ» አሉ። እሺ ማለታቸው ነው። እኛም እሺን ይዘን ተነሣን፤ ደሙ እንዳይውልብን፣ ታክሲው እንዳያመልጠን እየተጣደፍን። በሩ ድረስ ሸኙን። ያን ቀን እንደተጫወቱ ተጫውተው አያውቁም።

ከወራት በኋላ በሌላ ታማሚ ምክንያት ወደ ተፍኪ ስንመለስ ገበያ ነበር። ከሩቁ ድምፃቸውን ሰማሁ። ድምፁ የሳቸው ነው፣ ቃሉ ግን ትኩስ ነገር አፍ ውስጥ ይዘው የሚናገሩ ይመስል ነበር። አንገታቸው በአንድ በኩል አብጧል። ሲስተር ቆመች።

«ኦቦ ቶሎሳ፣ ሐኪም ቤት አልሄዱም?»

«ለምን እሄዳለሁ?» አሉ ከልባቸው ተገርመው። «በዝተዋል አላልሽም? ዋርድያ ከበዛልኝ ቢላ ለምን እፈልጋለሁ? ሥራቸውን ይሥሩ እንጂ!» አጠገባቸው የቆሙት ሰዎች ራሳቸውን ነቀነቁ። ለካ ገበያው በሙሉ ያውቀዋል። የቶሎሳ ዋርድያዎች በዝተዋል።

ሲስተር አስካለ እዚያው አቧራው ላይ፣ በሬዎቹ መሐል፣ እጃቸውን ይዛ ሁሉንም ነገረቻቸው። ያን ዕለት አዲስ አበባ ይዘናቸው ሄድን። ሐኪሞቹ አንገታቸውን ዳሰሱ፣ እርስ በርሳቸው ተያዩ። በሽታው ወደ አንገት ወርዷል፤ ቢላው አይደርስበትም። ክረምቱ ሳይወጣ አረፉ።

አዲስ አበባ ደም አድርሰን በዚያው ለቅሶ ሄድን። ሲስተር «ፊታቸውን እንዴት አያለሁ?» አላለችም። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ገባችና ድንኳኑ ውስጥ መሬት ላይ ተቀመጠች፣ እንደ ልማዷ፣ ከሁሉም ዝቅ ብላ። ጫልቱ መጥታ አጠገቧ ተቀመጠች።

«ሲስተር፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ዋርድያዎቹ ውሸት ነበሩ?»

«ውሸት አልነበሩም። በእውነት በዝተው ነበር።»

«ታዲያ?»

ጫልቱ መልስ አልጠበቀችም። መሬቱን በጣቷ እየጫረች ቆየችና «እኛ ሰፈር ዋርድያ የቀጠርነው በሬ ከተሰረቀ በኋላ ነው» አለች። «ከዚያ በፊት አንድም አልነበረንም።» ቀና ብላ አየቻት። «እንደዚያ ነው?»

«ብዙውን ጊዜ እንደዚያ ነው። ሌባው ስለገባ ነው የሚበዙት።»

«ይህን ብትዪው ይገባው ነበር። ቶሎሳ ሞኝ አልነበረም።»

«አዎ» አለች ሲስተር። ስንመለስ ባዶውን ሳጥን እኔ ልያዝ ብላ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው፤ እስከ ሰበታ ድረስ አልለቀቀችውም።

ከዚያ በኋላ ስልክ ሲደወል ከቤት ወጥታ አጥር ጥግ ሄዳ ነው የምትደግመው። ቃሉን አልተወችውም፤ ሰው ለምዶት ነበር። ግን መርፌ ከማውጣቷ በፊት የጫልቱን በሬ ትጨምርበታለች፤ ዋርድያ የሚበዛው ሌባ ሲገባ ነው፣ ይጮኻል፣ ይታገላል፣ አንዳንዴ ያቅተዋል፤ እኛ የምንቆጥር ነን፣ ሌባውን የሚያወጣው ሐኪሙ ነው። «ቶሌ» ቢሏት «ቶሌ አይበቃኝም፤ የነገርኩዎትን በራስዎ አፍ መልሰው ይንገሩኝ» ትላለች። ሳይመልሱላት አትቀዳም። ስንት ታክሲ እንዳመለጠን!

እሷ ከኔ ቀድማ ጡረታ ወጥታ ልጇ ጋ ሐዋሳ ሄደች። እኔ ከወጣት ነርሶች ጋር ሰበታ ቆየሁ። እየደወለች «ዘርፌ፣ ደህና ነሽ? እሺ ደህና ነሽ» ትለኛለች።

ልወጣ ጥቂት ሲቀረኝ ነው ጫልቱ የመጣችው። አንድ ጎልማሳ በክንዱ ይዛ እየጎተተች፣ ጤና ጣቢያው አግዳሚ ላይ አስቀመጠችው። ገመቹ ነው፣ የኦቦ ቶሎሳ ታናሽ ወንድም። ወንድሙ ሲሞት የገበያውን ቦታ እሱ ነው የያዘው፤ ድምፁም የወንድሙ ድምፅ ነው።

«አፍህን ክፈትላት» አለችው ጫልቱ።

ከፈተ። ምላሱ ጎን ላይ ነጭ ነገር፣ መሐሉ የቀላ። እዚያው ቦታ ነው ማለት ይቻላል። የካንሰር ሐኪሞቹ አይተውት ኖሯል፤ ቀጠሮም ሰጥተውታል። እሱ ግን መሳቅ ይወዳል፣ እንደ ወንድሙ።

«እማማ ዘርፌ፣ ደሜን ይውሰዱና ዋርድያዎቼን ያስቆጥሩልኝ። ከበዙ ወደ ገበያዬ እመለሳለሁ።»

ጫልቱ በክርኗ ጎሸመችው። «ከበዙማ ሩጥ!»

«እንዴት?»

«ንገሪው አዴ ዘርፌ» አለችኝ።

ነርሷ ጓንቷን አጥልቃ ትጠብቃለች። እኔ እጆቼን ብብቴ ውስጥ አሞቅኩና እጁን ያዝኩ። መርፌ የምወጋው እኔ እንዳልሆንኩ አውቃለሁ፤ ግን እንዲያ ነው የተማርኩት። የበሬውን ነገር ነገርኩት። ሰማኝ። ሳቁ ሄደ።

«ቶሌ» አለ።

«ቶሌ አይበቃኝም። መልሰህ ንገረኝ።»

«ከበዙ ሌባው ቤቴ ውስጥ ነው ማለት ነው» አለ ቀስ ብሎ። «ቢያንሱም ሌባው እዚያው ነው። ቆጠራው እሱን አያስወጣውም።» ከዚያ ዓይኑ እንባ ሞላ። «እማማ ዘርፌ፣ እኔ እኮ የምኖረው በምላሴ ነው።»

«ወንድምህም በሷ ነበር የሚኖረው» አለች ጫልቱ።

በቀጠሮው ቀን ሥራዬ ባይሆንም እስከ ኦፕራሲዮኑ ክፍል በር ድረስ ሸኘሁት። ጭኔ ላይ ሳጥን አልነበረም፣ የሱን ኮትና ጫማ ነው ያቀፍኩት። ሲያስገቡት ዘወር ብሎ «በሱሪዬ ብቻ ብወጣስ?» አለኝ፤ የወንድሙን ቀልድ ጫልቱ ነግራው ነበር። በዚያው ወር ሳጥኑን ለተተኪዬ አስረከብኩ። በረዶ እንዳትቀበል ነገርኳት። ስለ ጋቢውም ነገርኳት።

ከገመቹ ምላስ ቁራጭ ወሰዱለት እንጂ አልወሰዱበትም እላለሁ። ረጅም ጊዜ በጽሑፍና በጥቅሻ ኖረ። አሁን በገበያ ቀን ስልኬ ይጮኻል።

«ዘይፌ!» ይለኛል። «ር» አልመለስ ብላዋለች። «እማማ ዘይፌ፣ ደህና ነዎት?»

በዚህ ስም የሚጠራኝ በምድር ላይ እሱ ብቻ ነው፤ አቤት ስል ደስ ይለኛል። ከበስተኋላው በሬ ሲያገሳ፣ ሰው ሲጨቃጨቅ ይሰማኛል። «አንዴ ይቆዩኝ» ይልና ስልኩን ሳይዘጋ ወዲያ ዞሮ ይጮኻል፣ በአማርኛ ጀምሮ በኦሮምኛ እየጨረሰ። እኔ ከሚለው ግማሹ አይገባኝም። ገዢው ግን ገብቶታል፤ ጆሮዬን ስልኩ ላይ ለጥፌ እጅ ለእጅ ሲማቱ እሰማለሁ።